የአምስተኛው ክፍል ጠብ

በላንካ ደሴት ደጋ ባለው ገዳም የቡድሃ ትምህርት በዘንባባ ቅጠል ላይ መጻፍ የጀመረው በክረምት ነው። እስከዚያ ድረስ ሁሉም በቃል ነበር። አባ ጎዳታ መካከለኞቹን ስብከቶች፣ አባ ኡቲያ ደግሞ ረጃጅሞቹን በቃላቸው ያወርዱ ነበር፤ የትኛው የት ይመደብ ብሎ የተጨነቀ አልነበረም። አሁን ግን ሦስት ቅርጫት ቀረበ፦ ለሥርዓት፣ ለስብከትና ለትንታኔ። የተጻፈው ሁሉ ከአንዱ መግባት አለበት።

ጠቡ የመጣው ትምህርቱ ከተከፈለባቸው አምስት ክፍሎች በአምስተኛው፣ በአጫጭሮቹ ግጥሞችና ታሪኮች ነው።

"ከስብከቱ ጋር ይግባ" አለ ጎዳታ።

"ትንታኔ ውስጥ ነው" አለ ኡቲያ። "ያውም ሁሉም አይደለም። ቡድሃ አስቀድሞ ተወልዶ የኖራቸው የቀደሙት ሕይወቶች ገድል የራሱ ቃል ስላልሆነ አይጻፍም።"

"ማን ነገረዎት?"

"መምህሮቻችን።"

"እነሱማ በረሃቡ ጊዜ ባሕር ተሻግረው ሩዝ ሲበሉ ነበር። የእኔ መምህር ረሃቡን ሊያስታግስ ሆዱ ላይ አሸዋ ከምሮ፣ ያንኑ ገድል እየደገመ ነው የሞተው።"

"የረሃብ ቅዠት ይሆናላ።"

ጎዳታ ከዚያች ቀን ወዲህ በዕድሜ ታላቁን ኡቲያን አንቱ ማለት ተወ።

ሽማግሌዎቹ የእንጨት ስንጥር እየጣሉ ድምፅ ሰጡ፤ ኡቲያ አሸነፈ። ነገር ግን ከአጫጭሮቹ ግጥሞች አንዱን ክፍል ከጎዳታ በቀር የሚያውቅ ጠፋ። ኡቲያ ጎጆው ድረስ መጣ።

"ትደግማለህ?"

"ገድሉን ጻፍና እደግማለሁ።"

"እንግዲያው ካንተ ጋር ይቀበር። መምህርህም ሁለተኛ ይሙት።"

ጎዳታን ያንገበገበው ነገሩ እውነት መሆኑ ነው። ስድስት ቀን ደገመ። ኡቲያ የግጥሙን ምጣኔ የሚሰብር ስሕተት ሊለቅም አጠገቡ ተቀምጦ ሰማ፤ አንድም አላገኘም። ከዚያ የተጻፈበትን ቅጠል አስሮ፣ ጎዳታን ዐይን ዐይኑን እያየ ከትንታኔው ቅርጫት ጨመረው።

ጎዳታ እጅ ሳይነሣ ወጣ። ወደ ደቡብ ጠረፍ ወርዶ፣ መካከለኞቹን ስብከቶች ከሚደግሙ መነኮሳት ጋር ገዳም ገባ፤ እነሱም ገድሉን ጽፈው ከስብከቱ ጋር አኖሩት።

ኡቲያ በመንገደኛ ላከበት፦ "ቅዠትህ አለቀ ወይ?"

"አለቀ በለው። ማንበብ ከቻለ ይምጣ።"

አልመጣም። የሁለቱ ገዳማት መነኮሳትም ከዚያ ወዲያ እንደ ሥርዓታቸው በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው ኃጢአት አልተናዘዙም።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የኡቲያን ሞት ሲያረዱት ጎዳታ የሩዝ አጥሚት እየጠጣ ነበር። አዝኖ እንደሆነ ልቡን መረመረ። አላዘነም። አጥሚቱን ጨርሶ ሳህኑን አጠበ።