ከሽፋኑ ሥር

ረሺድ የመጨረሻውን ብሎን ፈትቶ ቀዩን ሽፋን በሁለት እጁ ጎተተው። ሽፋኑ ሲላቀቅ ከሥሩ ያየው ነገር ደሙን አፈላው። መሪው ከሞተር ሳይክሏ ቴላዮ፣ ማለትም ከብረት አጥንቷ ጋር በሚገናኝበት አንገት ላይ ስቱኮ ተለጥፏል። በካቻቪቴ ጫፍ ነካ ቢያደርገው ፍርፍር ብሎ ወደቀ። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ የአንገቷን ግማሽ ከብባ ታየች።

"ሌባ! የሌባ ልጅ!" ብሎ ጮኸ። ጋራዡ ውስጥ ሌላ ሰው ስላልነበረ የሰደበው ግድግዳውን ነበር።

ከገዛት ገና ሦስት ቀኑ ነው። ነጂዋ ከላይዋ ተደፍቶ የሚነዳት፣ የደብረ ብርሃን ጎረምሳ ሁሉ ባለፈች ቁጥር የሚያፏጭላት የእሽቅድምድም ሞተር ናት። ረሺድ ግን ለፉጨት አልገዛትም። ሽፋኗን ገፎ፣ አጭሩን መሪ በሰፊ ቀይሮ፣ ወገቧን ከፍ አድርጎ የአንኮበርን ቁልቁለት የምትችል ራቁት ጉልበተኛ ሊያደርጋት ነበር። ባለፈው ክረምት እናቱ ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ አልዩ አምባ ላይ ስትሞት መርዶው ረፋድ ላይ በስልክ ደርሶት ነበር። መኪና ግን አልተገኘም። ቤንዚን በኩፖን ነው፤ ያለውም ለዘመቻ ተይዟል ተባለ። ግማሹን በእግሩ፣ ግማሹን እህል ጫኝ ላይ ተንጠልጥሎ በማግስቱ ሲደርስ ቀብሩ አልቆ ነበር። በእስልምና ሥርዓት ጀናዛ አያድርም።

አባቱ ዘይኑልአቢዲን ከወራት በኋላ በቅሏቸውን ሸጡና "ለእኔ እንኳ ድረስልኝ" ብለው ገንዘቡን ላኩለት። ገንዘቡን ያመጣው ሰው እየሳቀ የነገረው ሌላም ነገር ነበር። ሽማግሌው ገበያ መሃል ቆመው "ይህች በቅሎ ከግራ ስትጫን ትናከሳለች" ብለው በገዛ አፋቸው ዋጋዋን አስቀንሰዋል።

ረሺድ የቀረውን ስቱኮ በቤንዚን ጨርቅ ፈተገው። ከሥሩ ብየዳ ወጣ። አፍጥጦ አየው። የራሱ ብየዳ ነው! ሰው የእጅ ጽሑፉን ያውቃል፤ በያጅም ብየዳውን ያውቃል። ረሺድ መስመሩን ከግራ ጀምሮ ጫፉ ላይ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ይሄኛው ግን ጫፍ የለውም፤ መሃል ላይ ተቋርጧል።

ያኔ ትዝ አለው። ያን የክረምት ጠዋት አንድ ተሸካሚ ጎማም ሞተርም የሌለው ባዶ ቴላዮ አምጥቶለት ነበር። እየበየደ ሳለ ነው ከደጅ "ረሺድ፣ ስልክ! ከአልዩ አምባ!" ተብሎ የተጠራው። ሰምቶ ሲመለስ መነጽሩን ወርውሮ ሮጠ።

አሁን ከጋራዡ ኮቱን እንኳ ሳይደርብ ወጣ። ሞተሯን የሸጠለት የመጋዘን ሠራተኛው ገብረአማኑኤል ነው። የቤቱን የቆርቆሮ በር በቡጢ ደበደበው።

"ማነው በር የሚሰብር?"

"የሸጥክለት ሰው!"

ገብረአማኑኤል ጋቢውን እየሰበሰበ ወጣ። "ምን ሆነሃል?"

"አንገቷ መሰንጠቁን ታውቅ ነበር?"

"ተበይዷል እኮ።"

"ስቱኮ ለጥፈህበት! ቁልቁለት ላይ ለሁለት ብትከፈልስ? እናቴን ሳልቀብር ቀረሁ፤ አሁን ደግሞ አባቴ እኔን ይቅበሩኝ?"

"ቀስ በል ወንድሜ። የበየድከው አንተው አይደለህ? ሰው ልኬ ሳስወስደው 'አላለቀም' ያለኝ የለም።"

እውነት ነው። ረሺድ ያን ቀን ለማንም አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ነበር የሄደው። ይሄ ንዴቱን አባሰው እንጂ አላበረደለትም። ሰውየውን ቢያንቀው ደስ ባለው፤ ራሱንም አብሮ።

"ስንጥቁን ስታይ ለምን አልመለስከውም?" አለ በመጨረሻ።

"ስማ፣ ገንዘቡ የለም፤ ተበልቷል። ግን መላ አለኝ" አለ ገብረአማኑኤል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሽፋኑን መልሰህ ግጠምላት። አንኮበር፣ ጎረቤላ የሚያስተምር ወልደተንሣኤ የሚባል ልጅ እሷን ካላገኘሁ ብሎ እንቅልፍ አጥቷል። ከሰዓት ይዤልህ እመጣለሁ።"

"በዚያ ገደል ሊነዳት?"

"እሱ ይወቅበት።"

ረሺድ እሺም እምቢም ሳይል ተመለሰ። ተመልሶም፣ አፉ እየተሳደበ እጁ ሽፋኑን አነሳና ብሎን በብሎን ገጠመው። ቀዩ ሽፋን ስንጥቁንም ብየዳውንም ዋጣቸው። አሁንም ታምራለች፤ ይህም አናደደው።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ መጡ። መምህሩ ቀጭን ወጣት ነው፤ ሞተሯን እየዞረ ሲያይ ፈገግታውን መደበቅ አልቻለም።

"እንከን የላትም አይደል?" አለ።

"እንደ አዲስ ናት!" አለ ገብረአማኑኤል ፈጥኖ።

"የጠየቅኩት በያጁን ነው። በብረት ሥራ ሰው ሁሉ እሱን አምናለሁ ይላል።"

ረሺድ ቀዩን ሽፋን ተመለከተ። አባቱ ገበያ መሃል፣ ስለ በቅሎ ጥርስ ሲናገሩ ታዩት። እሳቸው ስለ ንክሻዋ ያልዋሹባት በቅሎ ናት፣ ሞተር ሆና፣ አሁን እዚህ ቆማ የምትሸጠው። ካቻቪቴውን አነሳ። አራቱን ብሎኖች ፈትቶ ሽፋኑን ነቀለና ገብረአማኑኤል ደረት ላይ ወረወረው።

"እንካ! አንተ የሸጥክልኝ ይሄን ነው።"

"አብደሃል?"

ረሺድ መምህሩን በእጅጌው ስቦ ስንጥቁን በጣቱ አሳየው። "ብየዳው የእኔ ነው። አልጨረስኩትም።" ከዚያ የብረት መጋዙን ከግድግዳው አወረደና ያልጨረሰውን መስመር ይዞ አንገቷን መቁረጥ ጀመረ። ገብረአማኑኤል ሽፋኑን እንዳቀፈ እየተራገመ ወጣ። ወልደተንሣኤ ግን አልሄደም፤ የብረቱ ብናኝ ጫማው ላይ ሲረግፍ እያየ ቆመ።

"እንደገና ስትበየድ ትሸጥልኛለህ?"

"አትሸጥም። አልዩ አምባ ትወርዳለች።"

"ምን ቀለም ልትቀባት ነው?"

ረሺድ ላቡን በክንዱ ጠረገና መጋዙን መልሶ ያዘ። "ሌላውን እንጃ። አንገቷን ግን አልቀባውም።"