የጓሮው መንገድ

ሱፐርማርኬቱ በተከፈተ ቀን ሰልፉ ፊት ላይ የቆመው ፀጉር አስተካካዩ ነበር። ይህን የምለው ስሙን ለማጥፋት አይደለም፤ ድሮም ብዙ የሚጠፋ ስም አልነበረውም። ነገር ግን ከዚያ በፊት ሰፈሩን ሁሉ ሰብስቦ፣ የፀጉር ቤቱን ወንበር ደጅ አውጥቶ፣ እላዩ ላይ ቆሞ «እኔ እዚያ ቤት ብረግጥ እግሬ ይቆረጥ» ያለው እሱ ነው። እግሩ አልተቆረጠም። ሁለቱም እግሮቹ ደህና ሆነው፣ ጫማቸው ተወልውሎ፣ ሰልፉ ፊት ቆመው ነበር።

በዚያ ስብሰባ ላይ ያልማለ አልነበረም። ጡረተኛው መምህር ትልልቅ ድርጅቶች ትንንሽ ሰዎችን እንዴት እንደሚውጡ ረጅም ንግግር አደረገ። ልብስ አጣቢዋ አለቀሰች። አንዱ ደግሞ ከኋላ ተነስቶ «በየከተማው አንድ ዓይነት ሱቅ፣ አንድ ዓይነት ቀለም፣ አንድ ዓይነት ፈገግታ፤ ይሄ ንግድ ነው ወይስ ወረርሽኝ?» ሲል ተጨበጨበለት። የሚናገረው ሁሉ ዓይኑን ወደ አንድ አቅጣጫ ይልክ ነበር፤ እትዬ ክንዷን አጣጥፋ ወደ ቆመችበት።

እትዬ በመንገዳችን አፍ ላይ ያለው የትንሹ ሱቅ ባለቤት ናት። የራሷ ስም አላት፤ ግን እንኳን እኛ እሷም የረሳችው ይመስለኛል። ዳቦ፣ ወተት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ሻማ ትሸጣለች። መደርደሪያዎቹን የሠራላት ሟች ባሏ ነው፤ አናጢ ስላልነበረ ሁሉም ወደ ግራ ያዘነብላሉ። ጠርሙስ የምትደረድረው በስተቀኝ ብቻ ነው።

በዚያ ሱቅ ከሚሸጠው ይልቅ የማይሸጠው ይበልጥ ነበር። ከባንኮኒው ጀርባ ምስማር በምስማር የሆነ ሳንቃ ተሰቅሏል፤ በየምስማሩ ላይ የሰፈሩ ቤቶች ትርፍ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ቁልፍ የሚጠፋበት፣ እሱ ከሥራ ሳይገባ ልጁ ከትምህርት ቤት የሚመለስበት፣ እናቱ ብቻዋን የምትውልበት ሁሉ እትዬ ጋ ያስቀምጣል። ደንቡን የጻፈው የለም፤ የማያውቀውም የለም። ብቻውን የሚኖር ሰው ጠዋት ዳቦውን ሊወስድ ካልመጣ፣ እትዬ ረፋዱ ላይ ቁልፉን ታወርድና ሱቋን ገርበብ አድርጋ ትሄዳለች። ታንኳኳለች፤ መልስ ካጣች ትከፍታለች። ልብስ አጣቢዋን በትኩሳት ስትቃዥ ያገኘቻት እንዲህ ነው። መምህሩንም መታጠቢያ ቤት ወገቡ ተይዞ አግኝታዋለች። «እንዳታዪኝ» ሲላት «ምን አለህና ነው የማይህ» ብላ አንስታ አልጋው ላይ ጣለችው።

ቁልፎቹ የሚለዩት በተሰፋባቸው ቁራጭ ጨርቅ ነው። የመምህሩ ግራጫ ሱፍ፣ የፀጉር አስተካካዩ ነጭ ፖፕሊን፣ የልብስ አጣቢዋ አበባ ያለበት ጥጥ። የሰፏቸው ጋሽ ሜትር ናቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የመለኪያ ሜትራቸው ከአንገታቸው ወርዶ ስለማያውቅ ነው እንዲህ የተባሉት። የራሳቸውን ቁልፍ በጥቁር የኮት ገበር ጠቅልለው ለእትዬ ሲሰጡ «ወድቄ ከቀረሁ በሩን እንዳትሰብሩብኝ፤ እንጨቱ ከእኔ ይሻላል» ብለዋት ነበር።

ሚስታቸውን ከቀበሩ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ቤታቸው መንገዱ መሃል ላይ ነው፤ በአንድ ጎኑ የተዘጋ መጋዘን፣ በሌላው ጎኑ ባዶ ግቢ። የስፌት ክፍላቸው ግድግዳ ግን ከእግረኛው መንገድ ጋር የተጣበቀ ነው። ልብስ የሚያሰፋ ሰው ከጠፋ ቢቆይም፣ የሚያልፍ ሁሉ ግድግዳውን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል፤ እሳቸውም ከውስጥ በእንጨት ማስመሪያቸው ይመልሳሉ። የሰፈሩ ሰላምታ ነው። ቸኩሎ የሚሄድ ሰው እንኳ ሳይመታ አያልፍም ነበር።

ጠዋት ጠዋት እትዬ ሱቅ ይመጡና ዳቦውን አንስተው በሜትራቸው ይለኩታል።

«ዛሬስ ወገቡ ጠቧል።»

«ያስፉታ እንግዲህ፤ የእርስዎ ሥራ አይደል?»

«ጨርቅ ይተርፈኛል ብለሽ ነው? ጋጋሪው ሁሉንም ቆርጦ በልቶታል።»

ይህ በየቀኑ ይደጋገማል። ሁለቱም አዲስ እንደሰሙ ይስቃሉ።

ሱፐርማርኬቱ ከእኛ መንገድ ማዶ፣ አደባባዩ ላይ ነው የተከፈተው። ቀን ከሌት መብራት፣ ከግድግዳው የሚወጣ ለስላሳ ሙዚቃ፣ የሚገፋ ጋሪ፣ ብርቱካንማ ፌስታል። ርካሽ ነው፤ መካድ አይቻልም። መጀመሪያ ሰው የገባው «ለማየት ብቻ» ነበር። የሚታይ ነገር ብዙ ነበርና ደጋግመው አዩት። ከዚያ ፌስታሉን ይዞ ወደ ቤት መመለስ መጣ፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። መንገዱ አፍ ላይ እትዬ አለች።

ሰፈራችን ያኔ ያደረገውን ሳስብ ደሜ ይፈላል። በመጋዘኑ ጀርባ አንድ የጓሮ መንገድ አለ፤ ቆሻሻ የሚደፋበት፣ ዝናብ ሲዘንብ ጭቃ፣ ሳይዘንብ ዝንብ። ሰፈሩ በሙሉ ወደዚያ ዞረ። መምህሩ በዚያ ዕድሜው የፈሳሽ ቦይ ሲዘል በዓይኔ አይቻለሁ። ልብስ አጣቢዋ ከጥጉ ቆማ ብርቱካንማውን ፌስታል ወደ አሮጌ ጥቁር ፌስታል ስትገለብጥ፣ እንቁላሏ ተሰበረ። ቆይቶ ባዶ እጁን የሚሄደውም በጓሮ መሄድ ጀመረ፤ ትናንት ከእሷ ሳይገዛ የቀረ ሰው ዛሬ ምን ብሎ ሰላም ይበላት? ድርጅቱን እንደማንም እጠላዋለሁ፤ ሰውን በጅምላ የሚገዛ ቤት ነው። ነገር ግን ድርጅቱ በጓሮ ሂዱ አላለንም። ማፈርን በነፃ ያደለን የለም፤ ከራሳችን ነው ያወጣነው። አፍረን ደግሞ መግዛቱን አልተውንም፤ መንገዱን ነው የተውነው።

የእትዬ ልጅም እዚያው ካሸር ሆና ተቀጠረች። እናቷ ከቤቷ አላባረረቻትም፤ አልሰደበቻትምም። «ሥራ ሥራ ነው» አለቻት። «ግን የዚያን ቤት ነገር እዚህ ቤት አታንሺብኝ። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ምን ገዛ፤ መስማት አልፈልግም።»

«እሺ እማዬ።»

«አንድ ሰው እስካለኝ ድረስ ሱቅ አለኝ።»

ያ አንድ ሰው ጋሽ ሜትር ነበሩ። ልጅቷም እሺ እንዳለችው ዝም አለች። ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ እየበሉ ስለ አየር ጠባይ ብቻ ያወሩ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ባዶ ካርቶን ልትጥል ወደ ጓሮው ወጣች። ፀጉር አስተካካዩ ፌስታሉን አንጠልጥሎ ፊት ለፊት መጣባት። መመለስ እንዳይችል ከኋላው ጭቃ ነው።

«ምነው በጓሮ?» አለችው።

«ሐኪም እንቅስቃሴ አድርግ ብሎኝ ነው እትዬ።»

«እጅህም ታዞለታል?» ፌስታሉን እያየች።

ሰውየው ቀላ። ጥፋተኛ ሰው ሲያዝ ሁለት ምርጫ አለው፤ ማመን ወይም መቆጣት። እሱ ተቆጣ። «እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? ሰው ሁሉ እዚያ ነው። ሌላው ቀርቶ ጋሽ ሜትርም ሳይቀሩ።»

«ጋሽ ሜትር?»

«ታዲያስ። እዚያ የዳቦው መደርደሪያ ጋ በሜትራቸው ሲለኩት ነው ያየኋቸው።»

አላየም። ኋላ ሲጠየቅ «መስሎኝ ነው» አለ። ብቻውን ላለመቆም ከአጠገቡ የሚያቆመው ሰው ፈለገ፤ በእትዬ ፊት ክብደት ያለውን ሰው መረጠ። ዳቦ የመለካቷን ነገር ለማሳመር ነው የጨመራት። አሳመራትም።

እትዬ ካርቶኑን ጥላ ተመለሰች። አላመነችውም ብዬ መናገር እወድ ነበር።

በማግስቱ ጋሽ ሜትር አልመጡም።

ረፋድ ሆነ። እጇ እንደ ልማዱ ወደ ጥቁሩ ገበር ተዘረጋ፤ ቁልፉን ነካችውና ተወችው። ሄዳ ብታንኳኳ ምን ሊሆን ነው? የዚያን ቤት ዳቦ እያኘኩ በር ሊከፍቱላት? «ምነው ቀሩ» ማለት «ምነው ከእኔ አልገዙም» ማለት ሊሆን? ደንበኛ ቤት ለቤት የምትለምን አይደለችም። ሆድ ባሳት። የእሳቸውን ዳቦ ከመደርደሪያው አንስታ ለወፎች ፈረፈረችው።

በቀጣዩም ቀን አልመጡም። ያን ዕለት ማታ ለልጇ «እንዘጋለን» አለቻት። ልጅቷ «ዝናብ የሚመጣ ይመስላል» አለች።

በማግስቱ፣ ልጅቷ ከሥራ ባረፈችበት ቀን ጠዋት፣ እናትና ልጅ ሱቁን ማፍረስ ጀመሩ። ጠርሙሶቹን በካርቶን ከተቱ፤ የተንጋደዱትን መደርደሪያዎች ነቀሉ። ሳንቃው መጨረሻ ቀረ። እትዬ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እያወረደች ትሪ ላይ ደረደረች።

«ለየባለቤቱ ታደርሺያለሽ» አለቻት። «እኔ የማንንም ፊት ማየት አልፈልግም።» ጥቁሩን ገበር ስታወርድ ከትሪው ላይ አላስቀመጠችውም፤ ባንኮኒው ላይ ወረወረችው። «ይሄንን ደግሞ እዚያው ስጪው፤ ለአዲሱ ደንበኛችሁ።»

«ለየትኛው?»

«ለዚያ ሽማግሌ። ሜትሩን ይዞ እናንተ ጋ ለሚመጣው።»

ልጅቷ በእጇ የያዘችውን ካርቶን መሬት አስቀመጠች። «ጋሽ ሜትር? እሳቸው እኛ ጋ መጥተው አያውቁም።»

«አንቺ ሳትኖሪ ነዋ።»

«እማዬ፣ እንኳን ገብተው በበሩም አላለፉ። በመስኮት እንኳ አይቻቸው አላውቅም። ይልቅ አልነግርሽም ብዬ ነው እንጂ፣ የሥራ ጓደኞቼ ‹ያልመጣ ሰው አንድ ብቻ ነው› እያሉ ይስቁባቸዋል።» ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። «ምነው፣ አንቺም ጋ አልመጡም እንዴ?»

እትዬ ቁልፉን አፈፍ አድርጋ ወጣች። ነጠላ ጫማዋ መንገድ ላይ ወልቆ ቀረ፤ ልጇ አንስታ ተከተለቻት። መንገዱ ጭር ብሎ ነበር። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሰው የለበትም። እትዬ ግድግዳው ሥር ስትደርስ ቆመችና መታ መታ አደረገች። ጆሮዋን አስጠግታ ጠበቀች። ደግማ መታች።

በሩ ሳይሰበር ተከፈተ።

ጋሽ ሜትር በስፌት መኪናውና በግድግዳው መሃል ወለሉ ላይ ነበሩ፤ ወንበሩ ከእግራቸው ላይ ተገልብጧል። ሜትሩ አንገታቸው ላይ ነው። ማስመሪያው በእጃቸው ውስጥ ቀርቷል፤ ጫፉ ተሰንጥቋል። በመንገዱ በኩል ያለው ግድግዳ፣ ተኝቶ ያለ ሰው ክንድ እስከሚደርስበት ድረስ፣ ልስኑ ተቦርቡሮ ነጭ አቧራው እጅጌያቸው ላይ ፈሷል።

የመጣው ሐኪም አየና «የወደቁት ዛሬ አይደለም» አለ። «የሞቱት ግን ሌሊቱን ይመስለኛል። ጎረቤት የላቸውም እንዴ?»

ጎረቤት በሩ ላይ ሞልቶ ነበር። ወሬ ሲሆን ማንም በጓሮ አልመጣም። መምህሩ ባርኔጣውን አውልቆ ከንፈሩን መጠጠ። ልብስ አጣቢዋ አለቀሰች፤ እሷ መቼም ታለቅሳለች። ፀጉር አስተካካዩ «እነዚህ ሱፐርማርኬቶች ሰው ፈጁ» አለ፤ አጠገቡ ያለውም ራሱን ነቀነቀ። ዓይኑን በጨው አጥቦ።

እትዬ ሰማችው። ልትሰድበው ይሁን ልትመታው፣ አንድ እርምጃ ቀረበችና ቆመች። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «ትሪውን አምጪው» አለቻት።

ልጅቷ ትሪውን ይዛ መጣች። እትዬ እዚያው ሬሳው በወጣበት ደጃፍ ላይ ቁልፎቹን ማደል ጀመረች፤ ግራጫውን ሱፍ ለመምህሩ፣ አበባውን ለልብስ አጣቢዋ። ነጩን ፖፕሊን ስትሰጠው ፀጉር አስተካካዩ እጁን ወደ ኋላ ሳበ።

«እትዬ፣ እንዲህማ አይሆንም። አንቺ ጋ ይቀመጥ እንጂ።»

«ምን ላደርግልህ?»

«ማን ያውቃል፤ አንድ ነገር ብሆን።»

«እዚያ ቤት ስጣቸው» አለችው። «ምስማር ካላቸው።»

ቁልፉን ደረት ኪሱ ውስጥ ከታ ተመለሰች። የጋሽ ሜትርን በር ቆልፋ፣ ጥቁሩን ገበር ይዛ ሄደች፤ የሚሰቀልበት ሳንቃ ተነቅሎ እንደነበር ያስታወሰችው ሱቋ ስትደርስ ነው። ልጅቷ ከዚያ ሳምንት በኋላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ሌላ ምን ታድርግ? እትዬ ከቤት አትወጣም። ዳቦዋን ልጇ ከምትሠራበት ታመጣላታለች፤ ትበላዋለች ወይስ አትበላውም፣ አላውቅም።

የጓሮው መንገድ አሁን ሣር አብቅሏል። የሚሸሹት ሰው ስለሌለ ሁሉም ብርቱካንማውን ፌስታል አንጠልጥሎ በዋናው መንገድ፣ በተዘጋው ሱቅ በኩል፣ ደረቱን ነፍቶ ይመላለሳል። ከጠዋት እስከ ማታ በዚያ ግድግዳ ሥር እግር አይጠፋም። አሁን ከውስጥ የሚመታ ሰው ቢኖር ይሰማ ነበር።