የጋሼ ዲበኩሉ ጆሮ

መቱ ውስጥ መኪናው የጮኸበት ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ጋሼ ዲበኩሉ ጋራዥ ነው። ሌላው መካኒክ ክሪክ ሲያነሳ፣ ጎማ ሲነቀንቅ ይውላል፤ ጋሼ ዲበኩሉ ግን ከሹፌሩ ጎን ይቀመጥና «በል ንዳው» ይላል። ከጋራዡ በታች ያለውን የኮብልስቶን መንገድ ወርደው ሳይጨርሱ «የኋላ ቀኝ ሾክ» ብሎ ይፈርዳል። ተፈትቶ ሲታይም እሱ ያለው ነው። ከአባቱ ስም ይልቅ «ጆሮው» በሚለው ይታወቃል።

አሁን ግን ያ ጆሮ የለም። ዕድሜ ልኩን በሚያጓራ የአይሱዙ ሞተር ላይ ተደፍቶ የኖረ ሰው ጆሮ ከየት ይምጣለት? ይህን የምታውቅ ሚስቱ ተስፋነሽ ብቻ ናት፤ እሷንም እንዳትናገር አስምሏታል። ሰው ሲያናግረው ከንፈር እያየ ይረዳል፤ በናፍጣ መኪናም እንደምንም ይሸፋፍናል። ወለሉ እግሩን ሲነዝረው፣ ሹፌሩ ፊቱን ሲያጨፈግግ ያይና ይገምታል፤ ብዙ ጊዜም ይቀናዋል።

ጣጣው የመጣው ከዬሮሳን መኪና ጋር ነው። ዬሮሳን የጎረቤቱ የእትዬ ገለኔ ልጅ ናት፤ እጁ ላይ አደገች ማለት ይቻላል። ጎሬ ታስተምራለች። የቤንዚን ሰልፍ ቢያንገሸግሻት የኤሌክትሪክ መኪና ገዝታ ከመቱ ትመላለሳለች። አንድ ቅዳሜ ጋራዡ ድረስ እየነዳች መጣች።

«ጋሼ፣ ከፊት በግራ በኩል ቋ ቋ ይላል። ሞተሩ ዝም ስለሚል ነው መሰለኝ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው የሚጮኸው።»

ጋሼ ዲበኩሉ ገባና ኮብልስቶኑን ወረዱ። ምንም የለም። ለነገሩ ለእሱ መኪና ሁሉ ኤሌክትሪክ ከሆነ ሰነባብቷል። ይኼኛው ደግሞ ከባትሪው ክብደት የተነሳ ድንጋዩን ተጭኖት ነው የሚያልፈው፤ ወለሉ እንኳ አይነዝርም። ፊቷን ቢያይ እሷም የእሱን ፊት እያየች ነበር።

«የሾኩ ላስቲክ ነው» አለ አፉን ሞልቶ።

የጋራዡ ሸሪኩ ጉርሙ ጠጋ አለ። «ኦቦ ዲበኩሉ፣ መኪናው ከባድ ነው። ክሪክ ላይ ሰቅለን የታችኛውን መገጣጠሚያ ብንነቀንቀውስ?»

«እሱ ጆሮ ለሌለው ነው።»

ጉርሙ ላስቲኩን ሊያመጣ ገባ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ጎማውን ይዞ አንዴ መነቅነቅ ብቻ ነበር። ማንም ለማጅ የሚያደርገው ነገር ነው። ጋሼ ዲበኩሉ ያን ቢያደርግ ግን ሰው ያየዋል፤ «ጆሮውም እንደኛው መነቅነቅ ጀመረ» ይባላል። እልህ ነው እንዳልል እልህ እንኳ አይደለም። ፍርሃት ነው፣ የሽማግሌ ፍርሃት፤ ሳስበው ያናድደኛል።

ላስቲኩ ተቀየረ። ደግመው ወረዱ። «ጠፋ» አለ ጋሼ ዲበኩሉ። ዬሮሳን ወደ ግራ ስትታጠፍ መሪውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። አንገቷን ወደ ግራው ጎማ ዘንበል አድርጋ አዳመጠች።

«እርስዎ ካሉ እሺ፣ ጋሼ» አለች።

በሳምንቱ ከጎሬ ስትመለስ ቁልቁለቱ ላይ የፊት ግራ ጎማዋ ታጥፎ ወደቀ። ጎማውን ከታች የሚይዘው መገጣጠሚያ ተበልቶ አልቆ ኖሯል። መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ዛፍ ላይ ተላተመ። እሷን በሕይወት አወጧት፤ ግራ እግሯ ግን እንዳልነበር ሆኗል።

ጋሼ ዲበኩሉ ሆስፒታል ሲደርስ ወደ ጅማ የሚወስዳት አምቡላንስ እየተጠበቀ ነበር። ገለኔ እግርጌዋ ተቀምጣለች። «ማልቱ ተኤ፣ ኦቦ ዲበኩሉ?» አለችው፤ «ምንድን ነው የሆነው? እርስዎ አይተውት የለም እንዴ?»

ዬሮሳን ዓይኗን ገለጠች። እሱም ጎንበስ ብሎ እያንዳንዷን ቃል ከከንፈሯ ለቀመ።

«ጋሼ፣ ድምፁ አልጠፋም ነበር። እርስዎ ጠፋ ሲሉኝ ጊዜ የራሴን ጆሮ ጠረጠርኩ። እየሰሙት ዝም ብለው ከሆነም ክፉ ነገር አይደለም ብዬ ነዳሁት።» ትንፋሽ ወሰደች። «አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ሰምተውት ነበር?»

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ጉርሙ በሩ ላይ ቆሟል፤ ከአደጋው ቦታ ያነሷት ሹፌሮችም አሉ። «አልሰማሁም ልጄ፣ ደንቁሬያለሁ» ማለት ብቻ ነበር። ያን ቢል ታለቅስ ይሆናል እንጂ ይቅር ትለዋለች። ምላሱ ላይ ደርሶም ነበር።

«ሰምቼዋለሁ» አለ ጋሼ ዲበኩሉ። «እዚህ የሚያደርስ አልመሰለኝም።»

ዬሮሳን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ገለኔ ከተቀመጠችበት ተነሳች፤ ስታከብረው የኖረችውን ሰው ያን ዕለት አንተ አለችው። «እያወቅህ ነው የላክሃት?»

አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በገለኔ ደጅ አላለፈም። ከተማው ጨካኝ አለው፣ አረመኔ አለው። ደንቆሮ ነው ያለው ግን የለም፤ መኪናም አሁን ድረስ ይመጣለታል።