የላይ ሰፈር መቺ

አያ ያርጋል ገንፎ ሲቀርብለት አገላብጦ፣ ሥሩን አይቶ ካልሆነ አይጎርስም። «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ለወግ ማሳመሪያ ይለዋል፤ እሱ ግን ይኖርበታል። ሚስቱ የሺወርቅ ስንት ዘመን ሙሉ ገንፎ ስታገነፋለት አንድም ቀን ስንጥር አላገኘም። «አለማግኘቴ እኮ ነው የሚያስጠረጥረኝ» ይላል። እንግዲህ የደባርቅ ላይ ሰፈር ሰው የዘንድሮ የገና ጨዋታ ተስፋውን ሁሉ የጣለው በዚህ ሰው ቤት ላይ ነበር።

ተስፋው ቃለ አብ ነው፤ የያርጋል የእህቱ ልጅ። እናቱ ከሞተች ጀምሮ ያርጋል ቤት ያደገ፣ በቅሎ እየነዳ ፈረንጅ ወደ ጨነቅ ተራራ የሚያወጣ ጎረምሳ። አምና ገና ላይ ሰዓቱ ከመሸ ሰልፍ ገብቶ ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር የመታው። የመጀመሪያዋ ምት ጥንጓን፣ ያቺን ከወይራ የተጠረበች ድቡልቡል እንጨት፣ ከሜዳው አውጥታ አስፋልቱን አሻገረቻት። እንዲህ ያለ ምት ሽማግሌዎቹም አላየንም አሉ። ሁለተኛዋ ምት ግን የታች ሰፈሩ ገበሬ የደርቤ ግራ ዓይን ላይ አረፈች፤ ጨዋታውም ያኔ ተቋረጠ። ደርቤ ጎንደር ድረስ ሄዶ ታክሞ ቢመለስም ዓይኑ አልተመለሰችም።

ለዚህ ማንም ማንንም አልወቀሰም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ነው ሕጉ። በገና የተሰበረ እግር፣ የወለቀ ጥርስ፣ የጠፋ ዓይን ካሳ የለውም፤ የተመታ አይከስም፣ የመታም ይቅርታ አይጠይቅም። ይቅርታ የጠየቀ እንደሆነ ሆን ብዬ ነው ያደረግሁት እንዳለ ይቆጠርበታል። አባት ለልጅ ያወረሰው ነውና ማንም ተነሥቶ አይነካካውም።

ታኅሣሥ ሲገባ ማንጠግቦሽ ጠላ ቤት ሌላ ወሬ ጠፋ። የአምናዋን ምት አንዱ በስልኩ ቀርጿት ነበርና ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ጥንጓ አስፋልቱን ስትሻገር «እሰይ! እሰይ የእኛ ልጅ!» ይባላል፤ ከዚያ ሁለተኛዋ ምት ሳትመጣ ያጠፉታል።

«ዘንድሮ ከጠዋት ጀምሮ ከተሰለፈማ ጥንጓን ሊማሊሞ ነው የሚሰዳት» ይላል አንዱ።

«ሾፌሮቹ ይጠንቀቁ በሉልኛ!» ይላል ሌላው።

ማንጠግቦሽ ጣሳውን እየሞላች ትስቃለች። «እናንተ አምናም ካቻምናም እዚህ ተቀምጣችሁ አሸንፋችኋል። ሜዳ ስትወርዱ ነው እንጂ የምትሸነፉት!» እውነቷን ነው፤ ታች ሰፈር ማሸነፍ ከጀመረ የተወለደ ልጅ ዛሬ ፊደል ቆጥሯል።

ነገሩ የተበላሸው ሰንበቴ ላይ ነው። ከቅዳሴ በኋላ የላይ ሰፈር ሰው ዳቦውን ቆርሶ፣ ጠላውን ቀድቶ እንደ ተቀመጠ ክንዴ ተነሣ። ክንዴ የጨነቅ መነሻ በሆነው ቡይት ራስ ላይ ለባለ በቅሎዎች ተራ የሚያስይዝ ሰው ነው።

«ደስ አይልም፣ ግን ልናገረው» አለ። «ቃለ አብ ተራውን ለሌላ እየሰጠ ነው። ጨነቅ ሲወጣ ካየሁት ቆየሁ። ቁልቁል ታች ሰፈር ሲወርድ ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ልጁን ገዝተውታል ይባላል።»

ጉርምርምታ ተነሣ። ያርጋል ደሙ ፈላ፤ ማንንም ይጠረጥራል እንጂ ቤቱን ሲጠረጥሩበት አይወድም። ብድግ አለ። «እኔ ዋስ ነኝ! ያሳደግሁት ልጅ ሰፈሩን ከካደ፣ ያርጋል ከሚባል ሰው ጋር ሁለተኛ ሰንበቴ እንዳትቀመጡ። ከዚህ ወንበር አንሡኝ!» ቄሱም ሰሙ፣ ሰውም ሰማ። እዚያ ወንበር ላይ አባቱ ተቀምጦበታል፣ አያቱም ተቀምጦበታል።

የዋስነቱ ጠላ ከአፉ ሳይደርቅ ግን ያ የገንፎ አመሉ ተነሣበት። ክንዴ ምን ቢያይ ነው እንዲህ የሚለው? እሳት በሌለበት ጭስ አለ? ማታ ቃለ አብ ሲገባ ከእግር እስከ ራሱ አየው። ፀጉሩ ውስጥ እብቅ አለ። የገብስ እብቅ! ጨነቅ ላይ ገብስ አይወቃ፤ ዝንጀሮና ዋሊያ አውድማ የላቸው። ወጥቶ የበቅሎዋን ጀርባ ዳሰሰ። ኮርቻ ያልነካው፣ ደረቅ ነው።

«ፈረንጆቹ ደህና ናቸው?» አለ ተመልሶ፣ እንደ ዋዛ።

«ደህና ናቸው፣ ጋሼ» አለ ልጁ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሣ።

ይኸው! ውሸት! የሺወርቅ ባሏን በደንብ ስለምታውቀው ልጁ ሲተኛ ጠብቃ ያዘችው። «ምን ሆነሃል? የሚያሳስብህ ነገር ካለ ጠይቀው። አንተ ምላስ አለህ፣ እሱ ጆሮ አለው።»

«ብጠይቀው ይዋሸኛል።»

«ካልጠየቅኸውስ?»

«ካልጠየቅሁት አይዋሸኝም።»

«እግዜር ይይልህ!» ብላ ጀርባዋን ሰጠችው።

በማግስቱ ያርጋል ልጁን ተከተለው። ቃለ አብ በቅሎዋን ዘመድ ቤት አሰረና ወደ ቡይት ራስ በመውጣት ፈንታ ገበያውን ሰንጥቆ ቁልቁል ወረደ። ያርጋልም ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ ከባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ እየተሸሸገ ወረደ። በዚያ ዕድሜው! ያየው ሁሉ «አያ ያርጋል፣ ምን ጠፋብዎ?» ይለዋል። «ጥጃ» ይላል።

ልጁ የቆመው አንድ አውድማ ላይ ነው። የደርቤ አውድማ! ደርቤ ግራ ዓይኑን በጥቁር ጨርቅ አስሮ ነዶ ይበትናል፤ ቃለ አብ በሬዎቹን እየዞረ ይነዳል። የደርቤ ሚስት ጠላ ይዛ መጣች፤ መጀመሪያ የሰጠችው ለቃለ አብ ነው። ደርቤ ደግሞ ምን እንዳለው እንጃ፣ ሁለቱም ሳቁ። ትከሻውንም መታ መታ አደረገው።

ያርጋል ከክምሩ ጀርባ ቆሞ ነገሩን በልቡ አወጣው አወረደው። የዓይኑ ነገር እንዳይባል፣ የገና ጉዳት ካሳ የለውም። ካሳ ከሌለ ዕዳ የለም። ዕዳ ከሌለ ሰው ለባላጋራው በነጻ እህል አይወቃም። ዝምድና የላቸውም፣ ጉርብትና የላቸውም፣ ወንፈልም አልተበዳደሩም። እንግዲህ ምን ቀረ? መሸጥ ቀረ! ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይሉሃል ይኸ ነው። ከክምሩ ወጥቶ «ምን ትሠራለህ እዚህ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ። አልጠየቀም። ጥርሱን ነክሶ ዳገቱን ተመለሰ።

ገና ደረሰ። ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ሰው ሆነ፤ ከዳባት ሳይቀር በመኪና ተጭኖ የመጣ አለ። ሁሉም የሚፈልገው አንድ ሰው ነው። «መቺው የታለ? ያ ጎረምሳ የታለ?» ላይ ሰፈርን የሚያሰልፈው ያርጋል ስለሆነ ልጁን ከፊት ማቆም የእሱ ፋንታ ነበር። እሱ ግን ኋላ፣ ከሁሉም ኋላ አቆመው። ልጁን ከሰልፍ እንዳያስቀር ዋስነቱ አለበት፤ ፊት እንዳያቆመው አውድማ ላይ ያየው አለ።

«ጋሼ፣ ከኋላ ምን ልሠራ ነው?» አለ ቃለ አብ።

«የምትሠራውን አንተ ታውቀዋለህ» አለው ያርጋል።

ልጁ ፊቱ ጠቆረ። ዱላውን ይዞ ሄደ።

ጥንጓ መሐል ተጣለች። ጩኸቱ፣ አቧራው፣ የዱላው ቋቋታ! ቀኑን ሙሉ ይገፋሉ፣ ይገፋሉ፤ እነዚያም ይመልሳሉ። የላይ ሰፈር ሰው ጉሮሮው እስኪነቃ «ልጁን ወደፊት አምጣው!» እያለ ይጮኽበታል፤ ያርጋል አልሰማም አለ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ጥንጓ ከግርግሩ ሾልካ ወደ ኋላ ተንከባለለች። ተንከባልላ፣ ተንከባልላ ቃለ አብ እግር ሥር ቆመች።

ለያርጋል ሲታየው ከልጁ ፊት ማንም የለም፤ ሁሉም ከግርግሩ ጋር ወደ ቀኝ ሄዷል። አንድ ምት፣ ያቺ የአምናዋ ምት ብቻ፣ የታች ሰፈርን ድንበር ታሻግራታለች። ቃለ አብ ዱላውን ከትከሻው በላይ አነሣ። ያርጋል በዚያች ቅጽበት ጥርጣሬውንም ረሳው፤ «ምታ፣ ልጄ!» አለ።

ልጁ አልመታም። ዱላው አየር ላይ ቆመ፣ ከዚያም ቀስ ብሎ ወረደ። አንድ የታች ሰፈር ጎረምሳ በርሮ ደርሶ ጥንጓን ከእግሩ ሥር ነጠቀው፤ መታት፣ ሌላው ተቀበለው፣ የላይ ሰፈርን ድንበር አለፈች። አለቀ።

«ከሃዲ!» አለ ያርጋል። ሜዳው ሁሉ ሰማው። «ተገዝቷል! በዓይኔ አይቼዋለሁ! በደርቤ አውድማ ተገዝቷል! እኔ የዚህ ልጅ ዋስ አይደለሁም!»

የታች ሰፈር ጭፈራ ሊጀመር ነበር፤ ስሙ ሲነሣ ሰምቶ ደርቤ ዞረ። ያርጋል እስከዚያች ሰዓት አላየውም ነበር፤ ሰዎቹን እየጠራ ወደ ቀኝ ሲሮጥ በግራ ጎኑ፣ በታሰረው ዓይኑ በኩል፣ ቃለ አብ ፊት ደርሶ ኖሯል። ደርቤ ባለችው ዓይኑ ልጁን አየ፣ በእጁ ያለውን ዱላ አየ፣ በመሐላቸው ያለውን አንዲት እርምጃ አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ከየት መጣህ?» አለው። «አላየሁህም እኮ።»

ደርቤ ወደ ያርጋል መጣ።

«አያ ያርጋል፣ ይኸ ልጅ ዱላውን ባይመልስ ኖሮ ዛሬ ቤቴ እየተመራሁ ነበር የምገባው» አለ። «ገዛህ ይሉኛል። በምኔ ልገዛው? በአንድ ዓይን በሬ መንዳት አቅቶኝ እህሌ አውድማ ላይ ሲቀር ሳልጠራው መጣ። ለምን መጣህ አላልሁትም፤ እሱም አልነገረኝ። እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም ብዬ ዝም አልሁ።»

ቃለ አብ ዱላውን ያርጋል እግር ሥር አስቀመጠና ሄደ። አልወረወረውም፤ ቢወረውረው ይሻል ነበር። ለገና ራት አልመጣም። የሺወርቅ የዶሮውን ድስት እንደተከደነ ትታ አለቀሰች። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ!» አለችው። «ጠይቀው አላልሁህም? እናቱ በሞተች ጊዜ ‹እናት አልባ አይሆንም› ብለህ ምለህልኝ አልነበረም?» ያርጋል ራሱን በጋቢው ሸፈነ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ያውቀዋል።

ለሰንበቴ ሰው ቢጠብቀውም ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም። ክንዴ ራሱ «ኧረ ልጁ አልካደም፣ ግባና ተቀመጥ» ቢለው፣ «የካደስ ሰው አለ» ብሎ በር ላይ ቆሞ ዋለ።

በዓሉ ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ያርጋል ቁልቁል ወረደ። ዛሬ ጋቢውን አፍንጫው ላይ አልሳበም፤ ለጠየቀውም «ጥጃ» አላለም። ቃለ አብ እንደ ወትሮው በሬዎቹን ይነዳል። ያርጋል አውድማው ዳር ቆመ። ደርቤ ባለችው ዓይኑ አየውና ፈገግ አለ።

«አያ ያርጋል፣ እርስዎም ተገዙ እንዴ?»

ያርጋል መሬት መሬቱን እያየ «ተገዛሁ» አለ።

ቃለ አብ በሬዎቹን አላቆመም፣ ቀናም ብሎ አላየውም። አንዴ ዞሮ አጠገቡ ሲደርስ ግን መንሹን ከተሰካበት ነቅሎ ሰጠው።

«ከደርቤ በግራ በኩል ይቁሙ፣ ጋሼ» አለው። «በዚያ በኩል አያይም።»