ጋሽ ሽበሺ የተሸከሙት ላፕቶፕ

የሚሪያም መልስ ነገ ሊሆን ዛሬ የእንድሪያስ ካሜራ ሜሞሪ አልቀበልም አለ። ካርዱን ቢያወጣው፣ ቢያስገባው፣ እፍ ቢልበት፣ በሸሚዙ ጫፍ ቢጠርገው ያው ነው። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ካለችው ቪዲዮ ቤቱ ጎን ስልክ የሚጠግነው ጓደኛው ካሱ በባትሪ እያበራ ውስጡን አየና እንደ ሐኪም ራሱን ነቀነቀ።

«ጥርሱ ተሰብሯል። አዲስ አበባ ካልሄደ አይድንም።»

ሌላ ድግስ ቢሆን ኖሮ እንድሪያስ ይቅርታ ጠይቆ ሥራውን ለሌላ ባለሙያ ያስተላልፍ ነበር። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። የሙሽራዋ የሚሪያም አባት አቶ ሽበሺ የኢያኤልም አባት ናቸው፤ ኢያኤል ደግሞ እንድሪያስ ሊያገባት የሚፈልጋት ልጅ ናት። አቶ ሽበሺ ከጎጃም ለሥራ መጥተው አርባ ምንጭ የቀሩ፣ ዕድሜያቸውን በመሬት ቅየሳ ያሳለፉ ጡረተኛ ናቸው። ኢያኤል አንድ ቀን የእንድሪያስን ስም ጣል ብታደርግላቸው፣ «ያ ካሜራ አንጠልጥሎ የሚዞረው? መዞር ሥራ ነው እንዴ?» ብለዋታል። መልሱን ቅረጽ ተብሎ የተጠራውም በእሷ ውትወታ ነው። ይህን ቀን ካበላሸ ሽማግሌ መላኩ ይቅርና በዚያ በር ማለፉም ያበቃል።

አንድ መላ ብቻ ነበረው። የካሜራውን ምስል ጥራቱ ሳይጓደል በገመድ ተቀብላ ላፕቶፕ ውስጥ የምታስገባ፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል ዕቃ አለችው። ካሜራው ያያል፣ ላፕቶፑ ይቀዳል። ችግሩ የገመዱ ማጠር ነው፤ እንድሪያስ በሄደበት ሁሉ አንድ ሰው ላፕቶፑን ታቅፎ እንደ ጥላ ሊከተለው ግድ ነው።

«እኔ እይዝልሃለሁ» አለ ካሱ። «ከምግቡ ብዙ ካልራቅን።»

በማግስቱ ሴቻ ሰፈር፣ በአቶ ሽበሺ ግቢ ውስጥ በተጣለው ድንኳን፣ ካሱ ቃሉን ጠበቀ፤ ጥሬ ሥጋው እስኪቆረጥ ድረስ። እንድሪያስ ሙሽሮቹን እየቀረጸ ዞር ቢል ላፕቶፑ ወንበር ላይ፣ ካሱ ሥጋው ዘንድ። አንድ ወፍራም እንግዳ ወንበሩ ላይ ሊቀመጡ ጎንበስ ሲሉ አቶ ሽበሺ ደርሰው ላፕቶፑን ብድግ አደረጉት።

«ማነው ይሄን እዚህ የጣለው? ሰው እኮ ሊቀመጥበት...»

ንግግራቸውን አልጨረሱትም። ማያው ላይ ልጃቸው ሚሪያም ነበረች፤ የቅንድቧ ጠጉር ሳይቀር አንድ በአንድ ይታያል።

«ይሄ አሁን ያለው ነው?»

«አዎ ጋሼ፣ ካሜራው የሚያየው ነው።»

«አሁን፣ አሁን?»

«አሁን።»

አቶ ሽበሺ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ፤ ጎንበስ ብለው ማያውን አዩ። «እዚህ ትበልጣለች» አሉ። እንድሪያስ ሊቀበላቸው እጁን ሲዘረጋ ላፕቶፑን ወደ ደረታቸው አስጠጉት። «ተወው፣ እኔ ልያዘው። አንተ ሥራህን ሥራ።»

ሥራህን ሥራ አሉ እንጂ ከዚያ ወዲያ ሥራው የእሳቸው ሆነ። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በመቀየሻ መነጽር እያዩ፣ ማዶ ዘንግ ይዞ የቆመውን ሠራተኛ ሲያዙ የኖሩ ሰው ናቸውና ልማዳቸው ተቀሰቀሰ። «ወደ ግራ! አለፍክ፣ ተመለስ! ዘመመ እኮ፣ አቅና! ያዝ!» ቃል ሲያንሳቸው ገመዱን ሳብ ያደርጋሉ፤ እንድሪያስ እንደ ተለጎመ በቅሎ ይከተላል። እንግዶቹ «ሽበሺ፣ ና እንጂ ቁጭ በል» ቢሏቸው አይሰሙም። ኬክ ሲቆረስ ሙሽሮቹ አባታቸውን ፈለጉ፤ አባት ከላፕቶፑ በስተጀርባ ሆነው፣ «እኔን ተዉኝ፣ ቢላውን ከፍ አድርጉት!» አሉ። ያን ቀን ሲመሽ የድግሱ ባለቤት በገዛ ድግሳቸው ፊልም ውስጥ አንድ ቦታ እንኳ አልነበሩም። እንድሪያስ ግን ተደስቶ ገባ። አልተቆጡትም፤ ጭራሽ ሲለያዩ ትከሻውን መታ መታ አድርገውታል።

ማክሰኞ ዕለት ቪዲዮ ቤቱ ቁጭ ብሎ ፊልሙን ከፈተ። ምስሉ እንከን የለውም። ድምፁን ሲለቅ ግን ዘፈኑም እልልታውም ከሩቅ ጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል፤ ከዚያ ሁሉ በላይ አንድ ሰው ጆሮው ሥር ያንሾካሹካል። ጥፋቱ ወዲያው ገባው። ላፕቶፑን ከካሜራው ድምፅ ተቀበል ሊለው ሲገባ ረስቶታል፤ ላፕቶፑም ከራሱ ማይክሮፎን ሲቀዳ ውሏል። ማይክሮፎኑ ያለው ደግሞ ማያው አናት ላይ፣ ከአቶ ሽበሺ አፍ በአንድ ክንድ ርቀት ነው።

ማያው ላይ የሙሽራው አባት አቶ ሀብተወልድ ቆመው፣ እጃቸውን ዘርግተው ይመርቃሉ። ድምፁ ግን የአቶ ሽበሺ ነው።

«ይሄ ሰው መቼ ነው የሚጨርሰው? ዝናቡን መረቀ፣ ከብቱን መረቀ፣ አሁን ደግሞ አስፋልቱን ሊመርቅ ነው። ወጡ ቀዘቀዘ እኮ!»

«ዝም ብለህ አሜን በል» ይላል የሚስታቸው የወይዘሮ ጽጌረዳ ድምፅ።

«አሜን። ክብሩን እዪልኝማ፣ ሦስተኛ ሰሃኑ ነው።»

«ወንድሜ ነው!»

«ለዚያ ነው የቆጠርኩት።»

ካሱ ከጎን ሰምቶ የሚጠግነውን ስልክ እንደያዘ መጣና ሆዱን ይዞ ይስቅ ጀመር። ቀጥሎ የመጣውን ሲሰሙ ግን ሁለቱም ወደ ላፕቶፑ ተጠጉ።

«ልጁ ግን ሥራ ያውቃል» ይላሉ አቶ ሽበሺ።

«የኢያኤልን ነገር ደርሰህበታል ማለት ነው?»

«ድፍን ሴቻ እያወቀ እኔ ከማን አንሼ?»

«ታዲያ ሽማግሌ ቢልክስ?»

«እሰጣለሁ እንጂ። ግን ሦስት ጊዜ ሳላመላልስ አልሰጥም። እኔ አንቺን ለማግኘት አምስት ጊዜ ነው ደጅ የጠናሁት።»

«ሁለቱን ጊዜ እኮ አባቴ ቤት አልነበረም!»

ካሱ የእንድሪያስን ትከሻ ጨመቀ። «ይሄን በሦስት ፍላሽ ገልብጠው! እምቢ ካሉህ ታሰማቸዋለህ።»

«አማቴን በቅጂ ላስፈራራ?»

«አማቴ አልክ! እይ፣ ገና ሳይሰጡህ።»

እንድሪያስ አልሳቀም። ደስታው አፉ ላይ ሳለ ቅር አለው። ሰውየው የተናገሩት ለሚስታቸው ነው፤ እሱ ያገኘው ሳይሰጡት ነው። በሙዚቃ ሸፍኖት ዝም ቢል ማንም አያውቅም። ያኔ ግን ሽማግሌዎቹ ደጅ ሲጠኑ እሱ መልሱን በኪሱ ይዞ ሊያሾፍ ነው። በዚያ ላይ ምርቃት የሌለው የመልስ ፊልም የት አለ? ሐሙስ ከሰዓት ላፕቶፑን ይዞ ሴቻ ወጣ።

አቶ ሽበሺ ሶፋው ላይ ተደላድለው ማየት ጀመሩ። የገዛ ድምፃቸውን ሲሰሙ በመጀመሪያ ፈገግ አሉ፤ የክብሩ ሰሃን ላይ ሲደርስ ላብ ላብ አላቸው፤ «እሰጣለሁ እንጂ» ሲል እጃቸውን ዘርግተው ማያውን ከደኑት። ወይዘሮ ጽጌረዳ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

«ይሄ ድምፅ ይጠፋል?» አሉ አቶ ሽበሺ።

«ይጠፋል ጋሼ። ግን የአቶ ሀብተወልድ ምርቃትም አብሮ ይጠፋል።»

«የመጨረሻዋንስ ሰምተሃታል?»

«ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብል ውሸት ነው። ለዚያ ነው የመጣሁት።»

አቶ ሽበሺ እጃቸውን ከማያው ላይ አነሡ። ሲናገሩ ግን የተቆጡ ሳይሆን የተበደሉ ይመስሉ ነበር።

«የአባት ወጉ እኮ እምቢ ማለት ነው፣ ልጄ። የሚሪያም ጊዜ ይቺ ሴትዮ አጣድፋኝ ባንድ ቀን እሺ አልኩ። በኢያኤል እንኳ ትንሽ ልለመን ብል፣ ይኸው አንተ ቀድመህ ሰማኸው! ስማ፣ ያን የተናገርኩት በገዛ ቤቴ ለገዛ ሚስቴ ነው። ለአንተ ገና ምንም አላልኩም።»

«ልክ ነው ጋሼ። እኔም እንዳሉኝ አልቆጥረውም። እንደ ወጉ ያመላልሱን። ሽማግሌዎቼ ግን ከደጋው ከገረሴ ድረስ ነው የሚመጡት፤ ትልቃቸው አባ አበጋዝ ደግሞ ጉልበታቸውን በጣም ያማቸዋል።»

«ወግ ጉልበት አያይም» አሉ አቶ ሽበሺና ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ።

ለምርቃቱ መፍትሔ የሰጡት ወይዘሮ ጽጌረዳ ናቸው፤ ቴክኒክ አበላሸብን ተብሎ አቶ ሀብተወልድ በድጋሚ ተጠሩ። ደስ ብሏቸው፣ ዶርዜ የተሸመነ አዲስ ጋቢ ለብሰው መጡና በመጀመሪያው ቀን የዘነጉትን ሁሉ ጨምረው መረቁ። አቶ ሽበሺ ቆመው፣ ሚስታቸው እያዩዋቸው፣ አንድ አሜን ሳይዘሉ ጨረሱ። ቀረጻው ሲያበቃ ግን እንድሪያስን ቀና ብለው አላዩትም።

ሽማግሌዎቹ በሄዱበት እሑድ እንድሪያስ ከካሱ ጋር ከአቶ ሽበሺ በር ትይዩ ያለ ጁስ ቤት ተቀምጧል። የሰማውን ለሽማግሌዎቹ አልነገራቸውም። አባ አበጋዝ በትራቸውን ተደግፈው፣ ከሁለት ባልንጀሮቻቸው ጋር ሲገቡ አየ። ጥቂት ቆይቶ በሩ ተከፈተና ሦስቱም አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። እንድሪያስ የአቮካዶ ጁሱን ገፋ አደረገው። እነ አባ አበጋዝ የመብራት ምሰሶው ጋ ሳይደርሱ ግን አቶ ሽበሺ በሙሉ ልብስ ብቅ ብለው አንድ ነገር ጮኹ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ ዞረው ገቡ።

«የረሱት ዕቃ ይኖር ይሆናል» አለ ካሱ።

ደግሞ ወጡ። ደግሞ አቶ ሽበሺ በሩ ላይ ቆመው እጃቸውን ዘርግተው ጠሩ፤ ደግሞ ገቡ።

«ይሄ ሽምግልና ነው ስፖርት?»

ከዚያ ማንም አልወጣም። እንድሪያስ ወንበሩ ላይ መቀመጥም መቆምም አቃተው። በመጨረሻ ስልኩ ጮኸ፤ ኢያኤል ናት። በሳቅ ቃል ማውጣት አልቻለችም።

«መጀመሪያ ‹ከዘመድ ልምከር፣ ሌላ ጊዜ ተመለሱ› አላቸው። እንደወጡ ተከትሏቸው ሄዶ ‹ደህና መጣችሁ! ምነው ጠፋችሁ?› አይላቸውም! ገቡ። ‹ልጅቷን ልጠይቃት፣ ተመለሱ› አለ። ወጡ። እንደገና በሩን ከፍቶ ‹እንዴት ከረማችሁ? ገረሴ ዝናቡ እንዴት ነው?›»

«እሺ፣ ሦስተኛውስ?»

«‹እስቲ ትንሽ ላስብበት› ሲል ሁለቱ ተነሡ። አባ አበጋዝ ግን አልነሣም አሉ። ‹እናንተ ውጡ፤ እኔ እዚሁ ቁጭ ብዬ ነው የምመለሰው› አሉት።»

«አባትሽስ ምን አሉ?»

«ትንሽ አሰበ። ከዚያ ‹እንግዲያው ሦስት ሞላ፤ እንደምን ሰነበቱ› አለና ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።»