አራተኛው ጭረት

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ መኪናዋ ወደ ግራ ትጎትታለች፤» አለ ደሳለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ዝቅ ያደረገው ለይስሙላ ነበር። ለቀስተኛ በሞላው ድንኳን ውስጥ በሹክሹክታ የተነገረ ነገር ጮክ ብሎ ከተነገረው ይልቅ ይሰማል። ደብሪቱ ከመጋረጃው ወዲያ ከሴቶቹ መካከል ፍራሽ ላይ ተቀምጣ እያንዳንዱን ቃል ሰማች። ባሏ ማሩ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ወልድያ ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት መኪና ሲጠግን ኖሮ፣ በአምስት ቀን የሳንባ ምች ሄደ።

«መቼ ነው ያቃናልህ?» አለ ሌላ ድምፅ።

«ከመታመሙ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ። የፊት ጎማዎቹን ራሱ ነው ያስተካከለልኝ። ሰሞኑን ግን መሪውን ለቀቅ ካደረግኩላት ወደ ግራ ይዛኝ ልትገባ ነው። ዛሬ እንኳ ለቀስተኛ ጭኜ ከመርሳ እስክመጣ ክንዴ ዛለ።»

«አርጅቶ ነበራ። እጁ ዶልዱሞ ይሆናል።»

«ነፍሱን ይማረው፣ ደህና ሰው ነበር፤» አለ ሦስተኛው።

ይህ አባባል ምን ማለት እንደሆነ ደብሪቱ አላጣችውም። «ደህና ሠራተኛ ነበር» ለማለት አፉ እንቢ ያለው ሰው ነው «ደህና ሰው ነበር» የሚለው።

የማሩ እጅ አልዶለዶመም ነበር። የደከመው ዓይኑ ነው፤ ያንን ደግሞ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። በ1959 ክረምት አንድ ቀን ቡሎን ከእጁ አምልጦት መሬት እየዳበሰ ሲፈልግ አየችው። ቡሎኑ ከጫማው አጠገብ ተቀምጧል። «ደብሬ፣ ዓይኔ ላይ ጉም አለ፤» አላት ቀና ሳይል። ሞራ ነበር። ጠበል ተጠመቀ፣ ቅጠል አሸ፣ አልለቀቀውም። ዓይኑ ለደከመ መካኒክ መኪናውን የሚሰጥ ሾፌር እንደሌለ ሁለቱም ስለሚያውቁ ነገሩን ሆድ ይፍጀው አሉት።

ሞተሩን በጆሮው ይሰማዋል፣ ብልሽቱን በጣቱ ዳብሶ ያገኘዋል። ያስቸገረው ልኬት ብቻ ነበር። ለዚህም አንዱ በሌላው ላይ የሚንሸራተት ሁለት ቀጭን ዘንግ አበጀና በቢላዋ እየጫረ ምልክት አወጣበት። ዘንጉን በሁለቱ የፊት ጎማዎች መካከል ከፊት በኩል ይለኩበታል፣ ቀጥሎ ከኋላ በኩል። የፊቱ ከኋላው በአራት ጭረት ከጠበበ መኪናዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ደብሪቱ ምሳ ይዛ መጣች ተብሎ አጠገቡ ቁጢጥ ትልና ጭረቱን ቆጥራ በጆሮው ትነግረዋለች። የጋራዡ ሰዎች «ማሩ ሚስቱ ካላየችው እህል አይወርድለትም» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱም አብሮ ይስቃል።

የደሳለኝን መኪና የለኩ ዕለት ሰውየው ቸኩሎ ከራሳቸው ላይ ቆሞ ነበር። ደብሪቱ ዘንጉን አየች። አራተኛው ላይ ነው ወይስ አምስተኛው? ልቧ ወላወለ። ሾፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «አራት፤» አለች። ማሩም አምኗት ቡሎኑን አጠበቀ።

አምስት ከነበረስ? እንግዲያው ከባሏ የመጨረሻ ሥራዎች አንዱን ያበላሸችው እሷ ናት፤ ሰውም አፈር ለብሶ የተኛውን ያማል። ይህ ሐሳብ መጥቶ ደረቷ ላይ ሲቀመጥ እስካሁን ሲወርድ የነበረው ዕንባ ቀጥ አለ።

የማሩ እህት ፋንቱ ወዲያው አየቻት። ፋንቱ ለሐዘን ወግ የምትጠነቀቅ ሴት ናት፤ የማን ለቅሶ ላይ ማን ስንት ጊዜ ደረቱን እንደመታ ታውቃለች።

«ምነው ዝም አልሽ? ሰው ምን ይላል?»

«ሲራጅን ጥሩልኝ፤» አለች ደብሪቱ።

ሲራጅ ጎሚስታ ነው። ከማሩ ጋራዥ ጎን ጎማ ሲለጥፍ ሃያ ዓመት ኖሯል። ሦስቱንም ቀን ከድንኳኑ አልተለየም። መጥቶ ከፍራሹ ጫፍ ተንበረከከ።

«አላህ ሶብሩን ይስጥሽ፣ ደብሪቱ።»

«አሜን። ስማኝ ሲራጅ፣ የደሳለኝ መኪና ወደ ግራ ትጎትታለች አሉ። የግራና የቀኝ ጎማዋ ነፋስ እኩል መሆኑን እይልኝ።»

ሲራጅ ዓይኑን አፈጠጠባት። ከዚያ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ተመለሰና እንደገና ሊያጽናና እንደመጣ ሰው አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

«እኩል ነው።»

«መንገዱ ይሆን የሚጎትታት?»

«መንገዱማ የሚያዘነብለው ወደ ቀኝ ነው። በቀኝ መንዳት ከጀመርን ስንት ዓመታችን! መንገዱ ቢሆን ወደ ቀኝ ነበር የሚወስዳት።»

«እንግዲያው የፊት ጎማዎቹን አለዋውጣቸው። የግራውን ወደ ቀኝ። ጥፋቱ የጎማው ከሆነ ጉተታውም ይዞራል።»

ጎማው ተለዋወጠ፣ መኪናዋም እስከ ገበያው ተነድታ ተመለሰች። አሁንም ወደ ግራ። ደብሪቱ ቀጠለች። ፍሬን አንዱን ጎማ ይዞ ከሆነ ፍሬኑ የሚያርፍበት የዚያ ጎማ ታምቡር ይግላል፤ በእጅህ ንካው አለችው። ነካው። ግራውም ቀኙም እኩል ለብ ያለ ነው። በመካከሉ ቄሶቹ ፍትሐት አድርሰው ወጡ፣ ንፍሮ ዞረ፣ ከሐራ የመጡ ዘመዶች ገብተው አለቀሱ። ደብሪቱም እንደ ወጉ ተነስታ አብራ ጮኸች፣ ተቀመጠች፣ ወደ በሩም አየች።

«ሲራጅ ዛሬ አራቴ አጽናናሽ፤» አለች ፋንቱ።

«ወዳጅ ነዋ።»

ነፋሱ ደህና፣ ጎማው ደህና፣ ፍሬኑም ደህና። አንድ በአንድ በወጡ ቁጥር የቀረው ያው ዘንጉ ላይ ያለው ጭረት ሆነ። ደብሪቱ ፈራች። ሆኖም ማሩ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይል ነበር፤ መጀመሪያ መኪናዋን አትጠይቅ፣ ሾፌሩን ጠይቅ። ደሳለኝን አስጠራችው። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ከየት እንደሚቆም ግራ ገብቶት መጣ።

«እግዜር ያጥናዎ፣ እትዬ።»

«አሜን። ማሩ ካቃናልህ በኋላ የት የት ሄድክ?»

«ኧረ እትዬ፣ እኔ እኮ ለመውቀስ...»

«የት ሄድክ ነው ያልኩህ።»

«መርሳ፣ ሐራ... ያው የዘወትሬ ነው። አንድ ቀን ሙሽራ አጅቤ ወደ ሐብሩ ቆላ ወርጃለሁ።»

«ስንት ሰው ጭነህ?»

ደሳለኝ ባርኔጣውን አዟዟረ። «ሠርግ አይደል? አሥራ አራት እንሆናለን። በጉን ሳይጨምር።»

«ወንዝ ተሻገርክ?»

«ተሻገርኩ። ድንጋይ ደቆሰኝ፤ ቢሆንም የመታኝ የኋላ ቀኙን ነው። መሪ ያለው ደግሞ ከፊት ነው ብዬ ተውኩት።»

ደብሪቱ ተነሳች። ፋንቱ ነጠላዋን ጨምድዳ ያዘቻት።

«ወዴት? በሣልስቱ ከፍራሽ ተነስተሽ መኪና ሥር? ጉድ ልታሰኚን ነው?»

«የሚሉትን ሰምተሻል። የሚያሙት ወንድምሽን ነው፣ ፋንቱ።»

ፋንቱ ነጠላውን ለቀቀች።

ወንዶቹ መንገድ ሰጧት። ሲራጅ የጠየቀችውን የማሩን ዘንግ ከጋራዡ አመጣላት። ጥቁር እንደለበሰች ከመኪናዋ ፊት ተንበረከከች፤ አንዱን ጫፍ ሲራጅ ያዘላት፣ ሌላውን ራሷ ያዘች። ከፊት ለካች፣ ከኋላ ለካች። ያን ዕለት ከራሷ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው ነበር፤ ዛሬ የሚያቻኩላት የለም። ጭረቶቹን በጥፍሯ እየነካች ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች። አራት። የተሰማት ደስታ ይሁን ሐዘን ለይታ አላወቀችውም።

ሲራጅ ጥፍሯን አየ፣ ዘንጉን አየ፣ ፊቷንም አየ። ያ ሁሉ የምሳ መመላለስ አሁን ገባው።

«ከመቼ ጀምሮ?» አላት በጣም ቀስ ብሎ።

«ሁለት ዓመት ተኩል።»

ሲራጅ ራሱን ነቀነቀና ሲባጎ ሊያመጣ ተነሳ።

ከፊተኛው ጎማ እስከ ኋለኛው ያለውን በሲባጎ ለኩ። በግራ ለክተው ቋጠሮ አደረጉበትና ወደ ቀኝ ወሰዱት። ቀኙ በሁለት ጣት በለጠ። ደብሪቱ እጇን ወደ ኋላው ባሌስትራ ሰደደችና የተደራረቡትን የሞላ ብረቶች ከጎማው እግር ጋር የሚያያይዘውን ቡሎን በጣቷ ፈለገች። የቡሎኑ ራስ የለም። ተቆርጧል።

«ሲራጅ፣ ግባና እይ።»

ሲራጅ በጀርባው ተንሸራቶ ገባ። «ተቆርጧል!» ብሎ ከሥር ጮኸ። አቧራውን እያራገፈ ሲወጣ ለተሰበሰበው ሁሉ ተናገረ። «ድንጋዩ የቀኙን የኋላ እግር ወደ ኋላ ገፍቶታል። ከጥንድ በሬ አንዱ ወደ ኋላ ሲቀር ትልሙ አይጣመምም? ይኸው ነው። የፊቱ ማሩ እንዳቃናው ቀጥ ብሎ አለ። ማንም እንዳይነካው!»

«ማሩ እኮ ነው፤» አለ ቅድም እጁ ዶልዱሟል ያለው ሰው። ሌላውም ደህና ሠራተኛ እንደነበር አስታወሰ። ደሳለኝ ጎንበስ ብሎ የደብሪቱን ጉልበት ሊስም ሲል ከለከለችው።

«አሥራ አራት ሰው አትጫን፤» አለችው።

ድንኳኑ እስከ ማታ የማሩን ሙያ ሲያወራ ዋለ። ደብሪቱ ፍራሿ ላይ ሆና ሰማች። ባሏ ንጹሕ ወጣ፣ ደስም አላት። ግን «አራት ነበር፣ አልተሳሳትኩም» ብላ በጆሮው የምትነግረው ሰው የለም። ዓይኗን አምኖ የሠራው አንድ እሱ ነበር፤ እሱ ደግሞ ሞቷል። ከጠዋት ጀምሮ ቀጥ ያለው ዕንባ አሁን ድምፅ ሳያሰማ ወረደ።

ራት ሲቀርብ ፋንቱ ጆግና ሳህን ይዛ መጣችና ከፊቷ ተንበረከከች። ቁጣዋ አልፏል።

«ነይ ታጠቢ እህቴ፣ እጅሽ የመኪና ግራሶ ብቻ ነው።»

ደብሪቱ የቀኝ እጇን አየች። የማሩ እጅ ማታ ማታ እንዲህ ሆኖ ነበር ወደ ቤት የሚገባው።

«ታጠቢና እንብላ እንጂ፣ ውሃው ይቀዘቅዛል።»

«አልራበኝም፤» አለች፤ ጣቶቿን አጥፋ ግራሶውን ጨበጠችና እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው።