ሁለቱ ምስማሮች

ዋጋውን አያስታውሰውም። ውጭ ሲያጓራ የነበረው ዝናብ ይሁን የወፍጮ ቤቱ ሞተር፣ እሱም ጠፍቶበታል። ቢያድግልኝ ያኔ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበር። ከቺፑዱ ግድግዳ ወዲህ ተቀምጦ የነገውን ገጽ በታይፕ ይመታል፤ ከግድግዳው ወዲያ ሁለት ሰዎች የሚሠራባትን ጋዜጣ ይሻሻጣሉ።

"ማባዣውን ውሰድ፣ ወንበሩን ውሰድ፣ ስሟንም ውሰድ" ይላል የመምህር አያሌው ድምፅ። "ሁለቱን ምስማሮች ግን እንዳትነቅል።"

"የምን ምስማር ነው ደግሞ?" ይላል ገዢው ሰላሀዲን።

"እዚያ ግድግዳው ላይ። በግራው ያልተነገረ ሞት ይሰቀላል፣ በቀኙ የተነገረ። ሽማግሌዎቹ ቤተሰቡን ሳያረዱ ከግራው ወደ ቀኙ የምትሻገር ወረቀት የለችም። እኛ የምንሸጠው ወሬ ነው ሰላሀዲን። መርዶ የሽማግሌ ነው።"

ከዚያ በኋላ የተባለው ግማሹ ጠፍቷል። ሰላሀዲን "ወላሂ" ያለ ይመስለዋል፤ ወይም ሳቅ ብሎ ዝም ብሎ ይሆናል። ቢያድግልኝ በሃያ ዓመት ውስጥ ያንን ንግግር ስንቴ በልቡ እንደ ደገመው እግዜር ነው የሚያውቀው። መጨረሻው ግን በመጣ ቁጥር ይለዋወጥበታል።

"ጋሽ ቢያድግ! እየሰማኸኝ ነው?"

ቀና አለ። የዛሬው የጋዜጣዋ ባለቤት ማህዲ ስልኩን በአንድ እጁ እንደ ያዘ ከፊቱ ቆሟል። ስምንት ዓመት ጅዳ ሠርቶ በተመለሰ በዓመቱ ነበር "ማለዳ"ን የገዛት። "ማለዳ" አንድ ቅጠል ወረቀት ናት፤ ከእሑድ በቀር በየቀኑ ትታተምና ከሐይቅ ከተማ በሚነሱት የመጀመሪያ ሚኒባሶች ወደ ውጫሌም ወደ ደሴም ትሳፈራለች። የእህል ዋጋ፣ ጨረታ፣ የጠፋ በሬ፣ የሞተ ሰው፤ ይኸው ነው ጉዳይዋ። በጦርነቱ ወራት ካልሆነ ዝም ብላ አታውቅም።

"ሃያ አምስት ዓመቷን ስታከብር ታሪኳን የሚጽፍ አንተ ነህ ነው የምልህ" አለ ማህዲ። "ሙሉ ገጽ ሰጥቼሃለሁ። ማን መሠረታት፣ ማን ገዛት፣ እንዴት ወደ እኔ መጣች። ለገበያ ቀን ትድረስልኝ።"

"ሰላሀዲን ለምን ሸጠ የሚለውስ?"

"ያው የሚታወቀውን ነዋ! በዚያች ልጅ መርዶ ጥፋት ሠራ፣ ሕዝቡ አኮረፈው፣ ሸጠ።"

"ቢቀርስ?"

"ጭራሽ ይቅር? አንባቢው መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው። ደግሞ አንተ እዚሁ ነበርክ እኮ። ከአንተ በላይ ማን ያውቃል?"

ማህዲ ስልኩ ጠርቶ ወጣ። ቢያድግልኝ ብዕሩን ይዞ ቀረ፤ ዓይኑ ሳያዘው ወደ ምስማሮቹ ሄደ። ከእሱ በላይ የሚያውቅ፣ እውነት ነው፣ አልነበረም።

ኢቲሳም ኸሚስ፣ ከአርዲቦ፤ ነገሩ ከሆነ ስድስት ዓመቱ ነው። በአረብ አገር ቤት ሠራተኛ የነበረች። ወሬው በስልክ የመጣው ከጓደኛዋ ነበር፤ ቢያድግልኝ በገዛ እጁ ጽፎ በግራው ምስማር ሰቀላት። የሰፈሯ ሽማግሌዎች ወንድሟ ሀሚዱ ከአፋር በረሃ እስኪደርስ ነበር የሚጠብቁት፤ እናቲቱን ወንድ ልጇ ከጎኗ ሳይቆም ማርዳት አልፈለጉም። ሁለት ቀን አለፈ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰላሀዲን ደሴ ሄዶ ነበር። አንድ የጨረታ ማስታወቂያ ተሰርዞ ገጹ ላይ የመዳፍ ያህል ባዶ ቦታ ቀረ። ቢያድግልኝ ከሽማግሌዎቹ ለአንዱ አንድ ጊዜ ደወለ። አልተነሳም። ደግሞ መደወል ይችል ነበር። መቼም ነግረዋታል ብሎ ወረቀቷን ከግራው ነቅሎ በቀኙ ሰካት። ስትሻገር ጀርባዋ ላይ መርዶውን የነገረው ሽማግሌ ስም ይጻፍ ነበር፤ ደንቡ ነው። ጀርባዋን ባዶ ተወው።

በማግስቱ የኢቲሳም እናት ኡሙሀኒ ሐይቅ ገበያ፣ ሽንኩርት ተራ፣ ሚዛን ይዛ ተቀምጣ ነበር። ሁለት የማታውቃቸው ሰዎች ከፊቷ ቆመው ጋዜጣ ያነባሉ። አንደኛው ለጓደኛው፣ "ኢቲሳም ኸሚስ የምትባለዋ የማን ልጅ ናት?" አለው።

"የእኔ ናት" አለች ኡሙሀኒ፣ ደስ ብሏት። "ምን አገኘች ነው የሚለው?"

ይህን ለቢያድግልኝ የነገረው ሰው አልነበረም። ከተማው ሁሉ ሲያወራው ነው የሰማው።

ሽማግሌዎቹ ወደ ቢሮው በመጡ ጊዜ ሰላሀዲን በሩ ላይ ቆሞ ተቀበላቸው። "ማነው ይህን የሠራው?" ሲሉት፣ "ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው" አላቸው። ቢያድግልኝ ከቺፑዱ ወዲህ ነበር። ሦስት እርምጃ ነው የሚያወጣው። አልወጣም። ከዚያ ሰላምታ ቀረ፤ ማስታወቂያ ቀረ፤ ሰዉ፣ "በሟች ወረቀቱን የሚሸጥ" እያለ ስም አወጣለት። ሰላሀዲን ከዓመት በኋላ "ማለዳ"ን ለማህዲ ሸጦ ወደ ውጫሌ ሄደ።

ቢያድግልኝ ለነፍስ አባቱ ነግሯል። ቄሱ፣ "ለእኔ ነገርክ፤ ለሰዎቹስ?" ብለው ስግደት ሰጡት። ስግደቱን ጨረሰ። ጥያቄውን እዚያው ተወው።

ማህዲ ባዘዘው በነጋታው ጠዋት ቢያድግልኝ ውጫሌ ነበር።

ሰላሀዲን እህል በረንዳ ላይ፣ በጤፍ ኩንታሎች መካከል ተቀምጦ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ "ማለዳ"ን ያነባል። ጢሙ ነጥቷል።

"ኧረ ቢያድግልኝ!" አለ ሳይነሳ። "አሁንም 'የጠፋው በሬ ጠፍቷል' እያልክ ትጽፋለህ። ካልጠፋማ ለምን ይፈለጋል?"

"ያነባሉ እንዴ እስከ ዛሬ?"

"መጀመሪያው ሚኒባስ ሳያመጣልኝ ሱቅ ከፍቼ አላውቅም። ተቀመጥ። ምን እግር ጣለህ?"

ቢያድግልኝ ኩንታል ላይ ተቀመጠ። በመንገድ ሁሉ ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ አንዱም አልመጣለትም። "የጋዜጣዋን ታሪክ እንድጽፍ ታዝዣለሁ" አለ። "እርስዎ ለምን እንደ ሸጡ ጭምር።"

ሰላሀዲን ጋዜጣውን በሁለት አጠፈው፤ ደግሞ በአራት። "ታዲያ ለምን ሸጥኩ?"

"ጋሽ ሰላሀዲን… ወረቀቷን የሰቀልኳት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ።"

ቢያድግልኝ አንገቱን እንደ ደፋ ቀረ።

"የቢሮው ሰዎች ሁለታችን ብቻ ነበርን እኮ" አለ ሰላሀዲን። "እኔ ደሴ ነበርኩ። ግድግዳው አንብቦ አይሰቅል! ያን ቀን ከቀኙ ምስማር ሳነሳት ጀርባዋ ባዶ ነበር። የእጅ ጽሑፍህን ደግሞ ከእናትህ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን…"

"መጀመሪያማ ላንተ ብዬ ነው። ሚስትህ የመጀመሪያ ልጅህን ልትወልድ ቀኗን ትቆጥር ነበር። ሥራም ስምም አንድ ላይ ቢወድቅብህ አትነሳም አልኩ።" ድምፁ ዝግ አለ። "በኋላ ግን ስጠብቅህ ነው የኖርኩት። ዛሬ ይናገራል፣ ነገ ይናገራል። ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ ጠበቅሁህ። ልሸጥ ስፈርምም አጠገቤ ቆመህ ነበር፤ ያኔም ጠበቅሁህ።"

"አፉ ይበሉኝ።"

"እኔ ድሮ ብዬሃለሁ። እኔን መለመን ይቀልሃል፣ ለዚህ ነው ወደ እኔ የመጣኸው። ኡሙሀኒ ጋ ሄደሃል?"

"አልሄድኩም።"

"በል እንግዲህ።"

"ብቻዬን አልችልም ጋሽ ሰላሀዲን። ይምጡልኝ።"

ሰላሀዲን መነጽሩን አወለቀ። "ስድስት ዓመት ሰላም አላለችኝም፤ እኔን ይዘህ ልትሄድ ነው?" ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ሳያልቅ ቀረ። "እሺ። ገበያ ሳትወጣ ማለዳ እንድረስባት።"

ማለዳ መሄዳቸው ምን እንደሚመስል ሁለቱም አላሰቡበትም። ለዓመታት የመርዶን ደንብ ሲጠብቁ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ በዚያ አገር ሁለት ሰው ገና ጎሕ ሲቀድ የሰው አጥር ሥር ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ግን በማግስቱ፣ አንዱ የሚናገረውን፣ አንዱ የሚሰማውን እያሰበ፣ ባጃጁ ካደረሳቸው ቦታ ወርደው የአርዲቦን ዳር ይዘው በእግር ወጡ። ሐይቁ ላይ ጉም ተኝቷል። የሱብሂ ሶላት አልቆ ሰዉ ገና ወደ ቤቱ መግባቱ ነው።

ኡሙሀኒ ደጇ ላይ ቁጢጥ ብላ ሽንኩርት ትመርጣለች። ቀና ስትል አየቻቸው። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ ሁለት ወንዶች፣ በማለዳ፣ ሳይናገሩ። ሽንኩርቱ ከእጇ ወደቀ።

"ሀሚዱ ነው?" አለች።

ለመነሳት የበሩን መቃን ያዘች። "ልጄ ነው? ሀሚዱ ነው? ንገሩኝ በአላህ!"

"ማንም አልሞተም!" ቢያድግልኝ አጥሩን አልፎ ሮጠ። "እትዬ ኡሙሀኒ፣ ማንም አልሞተም! ሀሚዱ ደህና ነው! ለሌላ ነው የመጣነው!"

"ለምን ታዲያ በዚህ ሰዓት!"

ቢያድግልኝ ከፊቷ መሬት ላይ ተንበረከከ። ድጋሚ፣ አሰበ። ያንኑ ነገር ደግሜ አደረግሁባት። ሰላሀዲን ከአጥሩ ውጭ እንደ ቆመ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኗል።

ኡሙሀኒ "አልሀምዱሊላህ" አለች ለራሷ፤ ደገመችው። ከዚያ አተኩራ አየችው። "አንተ የጋዜጣው ሰው አይደለህም?"

"ነኝ። ቢያድግልኝ እባላለሁ። የኢቲሳምን ስም ሽማግሌዎቹ ሳይነግሩዎት ጋዜጣ ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ሰላሀዲን አይደሉም። እሳቸው በቦታውም አልነበሩም።"

እዚህ ላይ የሚጮህ ነገር ጠብቆ ነበር። እርግማን ጠብቆ ነበር፤ እርግማን ቢሆን ይቀልለት ነበር። ኡሙሀኒ የወደቀውን ሽንኩርት አነሳች፤ አፈሩን በአውራ ጣቷ ጠረገችው።

"ለምን አወጣኸው?"

"ገጹ ላይ ባዶ ቦታ ነበር።"

"ባዶ ቦታ" አለች።

"አዎ።"

"ሰላሀዲን ሊያለቅስ ደጄ መጥቶ ነበር" አለች ቆይታ። "ያን ሰሞን። ከለቅሶዬ ላይ አስወጣሁት። በሰው ፊት። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ገበያ በመጣ ቁጥር 'አሰላሙ ዐለይኩም' ሲለኝ ፊቴን ሳዞር ነው የኖርኩት። ሰላምታ መመለስ ዕዳ ነው እኮ፤ አላህ የሚጠይቀኝ። ስድስት ዓመት! ልጄን እንደሆነ አንተ አልገደልካትም፤ ቀኗ ነው። ይኸኛውን ግን አንተ ነህ ያሸከምከኝ።"

ኡሙሀኒ ወደ አጥሩ ዞረች።

"ሰላሀዲን!" ብላ ተጣራች። "ምን እደጅ ገትሮሃል? ግባ እንጂ!"

ሰላሀዲን አጎንብሶ ገባ። ሰላምታውን ቀድማው አቀረበች፤ እሱም እየተንተባተበ መለሰላት። "አፉ በለኝ ወንድሜ" ስትለው፣ "አብሽሪ፣ አይዞሽ" ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም። ቢያድግልኝ በመካከላቸው ተንበርክኮ፣ መሬቱን እያየ፣ ይሰማል።

"ጋዜጣው ላይ እጽፈዋለሁ" አለ በመጨረሻ። "በእኔ ስም። የገበያ ቀን ይወጣል። ማህዲ አላትምም ቢል ሥራውን እለቃለሁ እንጂ ሌላ አልጽፍም።"

"እኔ ማንበብ አልችልም" አለች ኡሙሀኒ።

"ሀሚዱ ያነብልዎታል።"

"ሀሚዱ አያነብልኝም። እኔ የልጄን ሞት በማን አፍ ነው የሰማሁ? ከማላውቀው ሰው፣ ሽንኩርት ተራ፣ ገበያው ሁሉ እያየኝ።" ወደ እሱ ጎንበስ አለች። "ወረቀትህን ይዘህ እዚያው ትመጣለህ። ሚዛኔ አጠገብ ትቆማለህ። ያኔ ያዩኝ ሰዎች ሁሉ አሁንም እዚያው ናቸው፤ እነሱ እየሰሙ፣ በራስህ አፍ፣ ጮክ ብለህ ታነበዋለህ። አፉ ማለቱን ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።"

ቢያድግልኝ ገበያውን በዓይነ ልቡናው አየው። በርበሬ ተራውን፣ ባለ ባጃጆቹን፣ በየቀኑ "ጋሽ ቢያድግ" የሚሉትን፣ የልጁን አስተማሪዎች። ሽንኩርት ተራው መሀል የራሱን ድምፅ ሰማው። ከቺፑዱ ወዲህ የነበረችው ሦስት እርምጃ ትዝ አለችው።

"ስምህን ከፊት አድርገው" አለች ኡሙሀኒ። "መጨረሻ ላይ ሰው ይበተናል።"

"እሺ" አለ ቢያድግልኝ። "ከፊት አደርገዋለሁ።"